የኤሌክትሮንን ጉዞና መበተን በጋዝ ውስጥ መለካት፦ ጎንደር ላለ ላብራቶሪ የትኛው ዘዴ ያዋጣል?

ሰሞኑን ማራኪ አካባቢ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ጥያቄ አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ ኤሌክትሮን በጋዝ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ልለካ ነው። የትኛውን ዘዴ ልምረጥ?» አለችኝ። ጥናቶችን አንብባለች። አንዱ ስለ ሽቦ በሮች ይናገራል። ሌላው ስለ ሌዘር ብልጭታ። ሦስተኛው ስለ ቀለበት ኤሌክትሮዶች። ሁሉም የራሱን ያሞግሳል። አቦሉ ላይ የጀመርነው ወሬ በረካው ላይም አላለቀም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው። እንደሷ ግራ የገባው ሌላ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ።

መጀመሪያ የምንለካው ምን እንደሆነ እንግባባ። የከተራን ቀን አስቡ። ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሕዝቡም አብሮ ይወርዳል። እያንዳንዱ ሰው ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይጋፋል፣ ወደ ጎን ይወጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዘመድ አይቶ ይቆማል። ከሰገነት ሆኖ ለሚያይ ሰው ሕዝቡ በሙሉ ቀስ እያለ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። ይህ የጋራ ጉዞ በእኛ ሙያ ድሪፍት ይባላል። ሕዝቡ እየሄደ በስፋትም በርዝመትም መበተኑ ደግሞ ዲፊውዥን ነው።

የኤሌክትሮን ነገርም እንዲሁ ነው። በክፍል ሙቀት ጋዝ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ከሞለኪውሎች ጋር በየአቅጣጫው ይላተማል። የኤሌክትሪክ መስክ ሲያርፍበት ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይጀምራል። ማዘንበሉ ከሩጫው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በናይትሮጂን ውስጥ፣ መስኩ 1 ታውንሴንድ ሲሆን፣ የጋራ ጉዞው በሰከንድ ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው።

ታውንሴንድ ያልኩት መለኪያ ስሙን ያገኘው ከጆን ሲሊ ታውንሴንድ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ፕሮፌሰር የሆነ አይርላንዳዊ ሲሆን ይህን የሙያ ዘርፍ ያቆመው እሱ ነው ማለት ይቻላል። መለኪያው የኤሌክትሪክ መስኩ በጋዙ እፍግታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። እፍግታ ስል በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት ማለቴ ነው። 1 ታውንሴንድ 10⁻²¹ ቮልት ሜትር ስኩዌር ነው። ለምን ይካፈላል? ኤሌክትሮኑ ጉልበት የሚሰበስበው በሁለት ግጭቶች መካከል ባለችው አጭር መንገድ ነው። ሞለኪውሎቹ ሁለት እጥፍ ከሆኑ መንገዷ በግማሽ ታጥራለች። መስኩንም ሁለት እጥፍ ብታደርጉት ኤሌክትሮኑ በእያንዳንዷ መንገድ የሚያገኘው ጉልበት ያው ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እፍግታውን አብራችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ወደ ዘዴዎቹ ሳልገባ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ያለንበት ከተማ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ጎንደር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 78 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። የእኛ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የያዘው ሞለኪውል በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ «በከባቢ አየር ግፊት ለ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት 2,500 ቮልት ስጡት» ቢላችሁና ያንኑ እዚህ ብትሰጡት፣ ያገኛችሁት 1 ታውንሴንድ ሳይሆን 1.3 ነው። ለጋዝ ዲቴክተር ይህ ሰፊ ልዩነት ነው።

በዚህ ነገር እኔም አንድ ሙሉ ሳምንት አጥቻለሁ። የነበረን የግፊት ጌጅ ከውጭ አየር ጋር እያወዳደረ የሚያነብ ዓይነት ነበር። ከውጭ አየር እኩል ሲሆን ዜሮ ይላል። እኔ ዜሮውን 101 ኪሎ ፓስካል አድርጌ አሰላሁ። ነጥቦቼ በሙሉ ከታተመው መስመር በላይ ተሰለፉ። አንድም አልተበተነም፣ አንድም አልወረደም። እንዲህ ሥርዓት ይዞ የተሳሳተ ነገር ሳይ ልቤ ወደ ጋዙ ንጽሕና ሄደ፤ ሲሊንደር ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን ጌጁን ያነበብኩበት መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ የትኛውንም ዘዴ ምረጡ፣ ከባዶ (ከቫኪዩም) ጀምሮ የሚቆጥር የግፊት ጌጅ ግዙ ወይም ተዋሱ። ብር የሚያንስ ከሆነ ከሌላ ዕቃ ላይ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

የሙቀት መጠንም እንደዚያው ነው። ግፊቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሲጨምር እፍግታው በመቶ 0.34 ይቀንሳል። በኅዳር ጎንደር ላይ በጠዋቱ ብርድና በቀትሩ መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ጠዋት የለካችሁትንና ከሰዓት የለካችሁትን ሳታርሙ ካቀላቀላችሁ ከመቶ ሦስት እጅ በላይ ስህተት በእጃችሁ ገባ። ቴርሞሜትሩን ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከዕቃው አካል ላይ እሰሩት።

አሁን ወደ ምርጫው።

የሁለት በር ዘዴ

ይህን ብራድበሪና ኒልሰን በ1936 እ.ኤ.አ. ነው ያሳዩት። ኖሪስ ብራድበሪ በኋላ ከኦፐንሃይመር ቀጥሎ የአሜሪካኑን የሎስ አላሞስ ኑክሌር ላብራቶሪ የመራው ሰው ነው።

በሩ ከቀጫጭን ትይዩ ሽቦዎች ይሠራል። ሽቦዎቹ አንድ እየተዘለለ በሁለት ቡድን ይገናኛሉ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ቮልቴጅ ካለ የሚመጣው ኤሌክትሮን ወደ ጎን ተስቦ ሽቦው ላይ ይቀራል። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን ኤሌክትሮኑ ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ሁለት በሮች በታወቀ ርቀት ላይ ትተክሉና ለሁለቱም ያንኑ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ትሰጣላችሁ። የመጀመሪያው በር ከፍቶ የለቀቀው የኤሌክትሮን ጭፍራ ሁለተኛው በር ላይ ሲደርስ በሩ ክፍት ከሆነ ከረንቱ ይጨምራል። ዝግ ከሆነ ይወድቃል። ድግግሞሹን ቀስ እያላችሁ ስትቀይሩ ከረንቱ ኮረብታና ሸለቆ ይሠራል።

ቮልቴጁ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ በዜሮ ስለሚያልፍ በሩ በዙር ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ስለዚህ ፍጥነቱ የመጀመሪያው ኮረብታ ድግግሞሽ በርቀቱ ተባዝቶ እንደገና በ2 ሲባዛ ይገኛል። በቃ። የናይትሮጂኑን ምሳሌ እንውሰድ። በበሮቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ካለ ጉዞው 23 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ኮረብታው 22 ኪሎ ኸርዝ አጠገብ ይወጣል። ይህን ድግግሞሽ ማንኛውም የማስተማሪያ ላብ ሲግናል ጀነሬተር ይሰጣል። ፈጣን ኦሲሎስኮፕ አያስፈልግም። ፒኮአምፔር የሚያነብ ኤሌክትሮሜትር ግን ግድ ነው።

ውበቱ ይሄ ነው። የምትለኩት ርቀትና ድግግሞሽ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ በጣም በትክክል የሚለኩ ነገሮች ናቸው። በጥንቃቄ የተሠራ መሣሪያ ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ስህተት ይሰጣል። ካንበራ ላይ በአውስትራሊያ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ሃክስሊ፣ ክሮምፕተንና ባልደረቦቻቸው የሠሯቸው ልኬቶች እስከ ዛሬ ማመሳከሪያ ሆነው የቀሩት በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

ችግሩ በሩን መሥራቱ ነው። ሽቦዎቹ እኩል መወጠር አለባቸው። አንዷ ከላላች በሩ ከሌላኛው እኩል አይዘጋም። ሁለቱ ቡድኖች በአንዲት ቦታ ከተነካኩ ሥራው ቆመ። ከተማችን ውስጥ ጎበዝ ቶርኖ ቤት አለ፣ ለቀለበቶቹና ለክፈፉ አልሰጋም። ሽቦውን የሚወጥረው ግን ራሳችሁ ናችሁ። አንድ በር ሁለት ሳምንት ቢወስድባችሁ አትደንግጡ።

ሌላም ነገር አለ። ኤሌክትሮኖቹ እየተጓዙ ስለሚበተኑ ኮረብታው ከእውነተኛው ቦታ ትንሽ ይንሸራተታል። በበሮቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ሲጨምር ይህ ስህተት ያንሳል። በጣም ዝቅተኛ ግፊትና ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ስትሠሩ እሱን ሳታርሙ ቁጥር አታውጡ። መስኩ ከፍ ብሎ ጋዙ አዮን መፍጠር ሲጀምር ደግሞ ዘዴው ይከብዳል።

የብልጭታ ዘዴ

በሙያው ስሙ ፐልስድ ታውንሴንድ ነው። እኔ ለተማሪዋ የመከርኩት ይህን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ሁለት ጠፍጣፋ ኤሌክትሮዶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ካቶዱ (ኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ) ላይ አጭር የአልትራቫዮሌት ብልጭታ ይመታል። ከብረቱ ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ። በአንድ ቅጽበት ተነስተው በጋራ ወደ አኖዱ ይጓዛሉ። እናንተ የውጭውን ሽቦ ከረንት በኦሲሎስኮፕ ታያላችሁ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከረንቱ የሚታየው ኤሌክትሮኖቹ አኖዱ ላይ ሲደርሱ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ኤሌክትሮኑ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር በኤሌክትሮዶቹ ላይ ያለው ቻርጅ መለዋወጥ ይጀምራል፤ ያ በውጭው ሽቦ ከረንት ሆኖ ይታያል። አኖዱ ላይ ሲደርሱ ከረንቱ ይቆማል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የምታዩት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ የሆነ ቅርጽ ነው። ተነሳ፣ ለጥ ብሎ ቆየ፣ ወደቀ። የጠረጴዛው ርዝመት የጉዞ ጊዜው ነው። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለእሱ ካካፈላችሁ ፍጥነቱ ወጣ።

የጠረጴዛው ጫፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። ይጎብጣል። ምክንያቱም ከጭፍራው አንዳንዱ ቀድሞ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይደርሳል። የጉብጠቱ ስፋት በጉዞ አቅጣጫ ያለውን መበተን ይነግራችኋል። ጠረጴዛው እየሄደ ዝቅ ካለ ኤሌክትሮኖች በመንገድ ላይ በሞለኪውል እየተያዙ ነው። እየጨመረ ከሄደ አዳዲስ ኤሌክትሮኖች እየተፈጠሩ ነው። ከአንድ ምስል ሦስት ነገር ታነባላችሁ። ይህን ዘዴ የምወደው በዚህ ነው። ጥናቱን የሚገመግም ሰው ምስሉን አይቶ ብቻ ምን እየሆነ እንደሆነ ይገባዋል።

በቁጥር እንየው። ርቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ጋዙ ናይትሮጂን፣ መስኩ 1 ታውንሴንድ ይሁን። ጉዞው 7 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ብልጭታው አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቢያወጣ ከረንቱ 23 ናኖአምፔር ገደማ ነው። በናኖአምፔር 1 ሚሊቮልት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ካላችሁ 23 ሚሊቮልት ታያላችሁ። ኦሲሎስኮፕ ላይ ብዙ ብልጭታ አጠራቅማችሁ አማካዩን ከወሰዳችሁ ከጫጫታው በደንብ ይወጣል። 10 ታውንሴንድ ላይ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ጉዞው ወደ 1.5 ማይክሮሰከንድ ይወርዳል። ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ፈጣን መሆን አለበት። አምፕሊፋየሩ ቀርፋፋ ከሆነ ጉብጠቱ የራሱ ነው፤ እናንተ ግን የጋዙ መበተን መስሏችሁ ትጽፉታላችሁ። ይህ ስህተት በታተሙ ሥራዎች ላይም ይገባል ብዬ እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አምፕሊፋየሩን ብቻውን በታወቀ ፐልስ ፈትሹት።

የብርሃኑ ምንጭ ዋናው ወጪ ነው። የ266 ናኖሜትር ፐልስ ሌዘር ለአሉሚኒየም ካቶድ ይበቃል። ብልጭታውም ናኖሰከንዶች ብቻ ስለሚቆይ ከጉዞው ጋር ሲተያይ እንደ ቅጽበት ነው። ሌዘር ከሌለ የዜኖን ብልጭታ መብራት ይሞከራል። መብራቱ ግን አንድ ማይክሮሰከንድና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ጉዞው 20 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱን ትለካላችሁ፣ መበተኑን ግን አታምኑት። በየትኛውም ቢሆን የአልትራቫዮሌት መነጽር አድርጉ። ይህ ብርሃን ዓይን አያየውም፣ ዓይንን ግን ይጎዳል።

ብርሃኑን ከልክ በላይ አታብዙ። ኤሌክትሮኖቹ ሲበዙ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ እናንተ የሰጣችሁትን መስክ ያዛባሉ። መፈተሻው ቀላል ነው። ብርሃኑን በግማሽ ቀንሱት። የጉዞ ጊዜው ካልተለወጠ ደህና ናችሁ።

ዛሬ ዙሪክ ላይ ኢቲኤች በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ የኤስኤፍ6 ምትክ ጋዞችን ይፈትሻሉ። ኤስኤፍ6 በከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያና ማጥፊያዎች ውስጥ የሚሞላ ጋዝ ነው። ኤሌክትሮንን ይውጣል፤ ለዚህ ነው ብልጭታ የሚያጠፋው። ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20,000 እጥፍ በላይ ምድርን የማሞቅ አቅም አለው። ምትኩ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የኤሌክትሪክ መስመሩን እያስፋፋ ላለ አገር ሩቅ ጥያቄ አይደለም። ተማሪዋን ይሄ ሐሳብ ሲገባት ፊቷ ሲበራ አይቻለሁ።

የጎን መበተን ዘዴ

ይህ የታውንሴንድ የራሱ ዘዴ ነው፤ በኋላ ሃክስሊ አሻሽሎታል። ሰዓት የለበትም፣ ብልጭታ የለበትም። ኤሌክትሮኖች በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይገቡና እየተጓዙ ወደ ጎን ይሰፋሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀበላቸው ሳህን በመሐል ክብና በዙሪያው ቀለበት ተብሎ ተከፍሏል። የሁለቱ ከረንት ጥምርታ ምን ያህል እንደሰፉ ይናገራል።

የሚሰጣችሁ ፍጥነቱን አይደለም። በጎን ያለው መበተን ለተንቀሳቃሽነት (የጋራ ጉዞው ፍጥነት ለመስኩ ተካፍሎ የሚገኘው) ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ነው። ልብ በሉ፣ በጎን ያለው መበተንና በጉዞ አቅጣጫ ያለው መበተን አንድ አይደሉም። ይህ በልኬት የታየው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ከጭፍራው ፊት ያሉት ኤሌክትሮኖች የበለጠ ጉልበት አላቸው። በብዙ ጋዝ ውስጥ ጉልበት ሲጨምር ግጭት ይበዛል፤ ስለዚህ ፊተኞቹ ይዘገያሉ፣ ኋለኞቹ ይደርሱባቸዋል። ጭፍራው በርዝመቱ ይሰበሰባል። አርጎን ውስጥ በርዝመት ያለው መበተን በጎን ካለው ብዙ እጥፍ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የብልጭታው ዘዴ የሰጣችሁን ቁጥር ይህኛው ዘዴ ከሚሰጠው ጋር አስተያይታችሁ «አንዱ ተሳስቷል» አትበሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

የዚህ ዘዴ ትልቅ ጸጋ ራሱን መፈተሽ መቻሉ ነው። መስኩን በጣም ስታሳንሱት የትኛውም ጋዝ ቢሆን ቁጥሩ ወደ ጋዙ ሙቀት መጠን መውረድ አለበት። በ20 ዲግሪ 0.025 ቮልት ነው። ወደዚያ ካልወረደ ከጋዙ ጋር ሳይሆን ከመሣሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሮዶቹ ገጽ ነው። በሁለት የብረት ገጾች መካከል ያለች ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ልዩነት እንኳ መስኩን ታጎብጣለች። ኤሌክትሮድ በወርቅ የሚለበጠው ለዚህ ነው። ቀዳዳውና ቀለበቱም በአንድ ማዕከል ላይ በትክክል መቀመጥ አለባቸው። እኛ ጋ ወርቅ የሚለብጥ ቤት ለጌጥ እንጂ ለዚህ ሥራ የለመደ አይደለም፤ ቢጠየቅ ግን የሚችል ይመስለኛል።

ካቫለሪ የሚባል አራተኛ ዘዴም አለ። በመስታወት ዕቃ ውስጥ በኤክስሬይ ኤሌክትሮን ፈጥሮ ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ሲጠፉ ይለካል። ለሒሊየም ድንቅ ውጤት ሰጥቷል። ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ምንም ሳይገዙ መጀመር

መሣሪያ ሳይኖር የሚጀመር መንገድ አለ። ኤልኤክስካት የሚባል ነፃ የመረጃ ማዕከል ኤሌክትሮን ከየጋዙ ጋር የሚጋጭበትን መጠን ያቀርባል። ቦልሲግ ፕላስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያንን ወስዶ ፍጥነቱንና መበተኑን ያሰላል። ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ትሠራላችሁ።

ስሌት ልኬትን አይተካም። ግን ሳታሰሉ መሣሪያ አትግዙ። ምን ያህል ቮልቴጅ፣ ምን ያህል ፈጣን አምፕሊፋየር፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚያስፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ይነግራችኋል። ደግሞም ድንቅ ነገር ያሳያችኋል። አርጎን ብቻውን ውስጥ ኤሌክትሮን ዘገምተኛ ነው። 10 በመቶ ሚቴን ጨምሩበት፤ ፍጥነቱ በማይክሮሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሚቴኑ የኤሌክትሮኑን ጉልበት ይቀንስበታል። ጉልበቱ ሲቀንስ ደግሞ አርጎን እምብዛም የማይጋጨው ጠባብ የጉልበት ክልል ውስጥ ይወድቃል። አርጎኑ ለኤሌክትሮኑ መንገድ የለቀቀለት ያህል ነው። ይህን ጠባብ ክልል ራምሳወር በ1920ዎቹ መጀመሪያ አገኘው፤ ታውንሴንድና ቤይሊም በዚያው ሰሞን በጭፍራ ልኬት ደረሱበት።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚገጥማችሁ

ንጽሕና ትልቁ ራስ ምታት ነው። የብየዳ አርጎን ለብየዳ ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ትንሽ ናይትሮጂን ወይም የውኃ እንፋሎት የአርጎንን ቁጥር ሙሉ በሙሉ ያዛባል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ናይትሮጂን ምረጡ የምለው። ቆሻሻን ከአርጎን የበለጠ ይታገሣል። በክረምት የላስቲክ ቱቦ እርጥበት ያሳልፋል፤ በመዳብ ወይም በስቴንለስ ቱቦ ቀይሩት። ዕቃውን በቫኪዩም ላይ ሳለ በማሞቂያ ሽቦ ጠቅልላችሁ አንድ ቀን አሙቁት። ከግድግዳው ላይ የሚወጣው ውኃ ብዛት ያስገርማችኋል።

መብራትም አለ። ሲጠፋ ቫኪዩም ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ዘይቱ ወደ ዕቃችሁ ይሳባል። አንዴ ዘይት የገባበት ዕቃ እንደገና እስኪጸዳ ሳምንታት ይወስዳል። በፓምፑና በዕቃው መካከል መብራት ሲሄድ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አስገቡ። ለኮምፒውተሩና ለኦሲሎስኮፑ ደግሞ ዩፒኤስ። በዚህ በኩል የብልጭታው ዘዴ ይመቻል። አንድ ነጥብ በጥቂት ደቂቃ ይሰበሰባል። በጎን መበተን ዘዴ ኤሌክትሮሜትሩ እስኪረጋጋ ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

ከፍተኛ ቮልቴጁንም አትርሱ። ከ1,000 ሜትር በላይ አየር በቀላሉ ብልጭታ ያሳልፋል። ለባሕር ወለል የተሠራ ማገናኛ 5 ኪሎ ቮልት ይችላል ቢባል ጎንደር ላይ ያንን ያህል አትመኑበት። ከፍ ያለ ደረጃ ያለውን ውሰዱ፤ አንድ እጃችሁንም ከመሣሪያው አርቁ።

እንግዲህ ምርጫው

የምትፈልጉት የጉዞ ፍጥነት ብቻ ከሆነና ሌዘር ከሌላችሁ የሁለት በር ዘዴ ይሻላችኋል። ትዕግሥት ያለው እጅና ጥሩ ኤሌክትሮሜትር ይጠይቃል። ለቅድመ ምረቃ ማሳያ ላብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ተማሪው ድግግሞሹን ሲያዞር ኮረብታው ሲወጣ በዓይኑ ያያል።

ኤሌክትሮን የሚውጥ ጋዝ፣ እርጥብ አየር ወይም ድብልቅ ለማጥናት የምትፈልጉ ከሆነ ያለ ጥርጥር የብልጭታውን ዘዴ ውሰዱ። ሌሎቹ እዚህ ላይ እጃቸው ያጥራል።

የጎን መበተን ዘዴን የምመክረው በጣም ዝቅተኛ መስክ ላይ ለሚሠራና የኤሌክትሮዶቹን ገጽ ለመቆጣጠር አቅም ላለው ሰው ነው። ጊዜያችሁ አንድ ዓመት ከሆነ አትጀምሩት።

ከስድስት ወር በታች ላለው፣ ስሌቱን ብቻ በሚገባ መሥራትና ከታተሙ ልኬቶች ጋር ማነጻጸር ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ አማካሪ ካለ እኔ አልስማማም።

ተማሪዋ የብልጭታውን መረጠች። ሌዘሩን ለመዋስ ደብዳቤ እስኪሄድላት ድረስ ኤሌክትሮዶቹን ቶርኖ ቤት ሰጥታለች፤ ጠርዛቸው እንዲድቦለቦል አደራ ብላለች፣ ሹል ጠርዝ መስኩን ስለሚያዛባ። የመጀመሪያዋ ጋዝ ናይትሮጂን ነው፣ ግፊቱ 10 ኪሎ ፓስካል። በዚያ ግፊት ለ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1 ታውንሴንድ ለማግኘት 75 ቮልት ገደማ ይበቃታል። የምትጠብቀው ጠረጴዛ 7 ማይክሮሰከንድ ርዝመት አለው።